ያልጠቆረው አቡጀዴ

«አንቺስ ምን ነክቶሽ ነው እንደዚያ ሲጠቁር ዝም ብለሽ ያየሽው? እኔ እኮ ማታ ማታ አጥቤ ነበር የምሰቅለው» አለች ሸዋወርቅ።

ናዝራዊት የእናቷን ድምፅ የሰማችው መኝታዋን ከማድቤቱ በሚለየው ቀጭን የጭቃ ግድግዳ በኩል ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካልሲ እያጠለቀች ነበር፤ አንዱ እግሯ ካልሲ እንዳደረገ፣ ሌላው ባዶውን እንደቀረ ቆየች። ከእናቷ ጋር ማድቤት ያሉት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ አጥር የሚጋሩ ጎረቤት። በማለዳ፣ በዚያ የነሐሴ ጭቃ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው የመጡት ለወቀሳ ነው። የእሳቸው ማድቤት ጨርቅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በትልቁ ታትሞ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሰቀል ከሰው ሰምተዋል። «ገመናዬን አደባባይ ልታወጣው ነው ልጅሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ግማሹ ቁጣ ግማሹ ቀልድ ነበር። እናቷ ሳቀች። «አታጥቢውም ነበር? መምህሩ ፎቶ ሊያነሣ ይመጣል እየተባለ እኔ ጥላሸት የለበሰ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እንግዳ ልጠብቅ? ምን ዓይነት ሴት ናት አይለኝም? ማታ በሳሙና አሸት አሸት አደርገውና እሳት ዳር አደርቀዋለሁ፤ ጠዋት ምስማሩ ላይ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ናዝራዊት አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ክረምቱን ደብረ ብርሃን በተከፈተ የሳይንስ ፕሮግራም ገብታ እዚያው እያደረች ስትማር ከረመች። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጥናት በፖስተርና በንግግር ያቀርባል፤ አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ይማራል። ጎበዝ ሁሉ ስለ አፈርና ስለ ድንች ሲያጠና ናዝራዊት የመረጠችው የማድቤት ጭስ ነው። ምክንያቷን ማንም አልጠየቃት እንጂ ቀላል ነበር። አባቷ ካረፉ ወዲህ እናቷ ያሳደገቻት አረቄ እያወጣች ነው፤ አረቄ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚነድ እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱም ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ናዝራዊት ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን የምታስታውሳት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እያሸች ከማድቤት ስትወጣ ነው። እናም የዘይት ጣሳ እየቆረጠች፣ አንዱን በሌላው እየሰካች፣ ከምድጃው በላይ ተነሥቶ በጣሪያው የሚወጣ የጭስ ቧንቧ ሠራች። ከዚያ ነጭ አቡጀዴ ገዝታ ሦስት ቦታ ቀደደችው፤ አንዱን ቧንቧ ባለበት በራሳቸው ማድቤት፣ ሁለቱን ቧንቧ በሌላቸው በሁለት ጎረቤቶች ማድቤት ሰቀለች። ለአንድ ሳምንት ማንም እንዳይነካው ለሁሉም ተነገረ።

በሳምንቱ ከመምህሯ ከአለምነህ ጋር መጥተው ሲያዩ የጎረቤቶቹ ጨርቆች እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። የእነ ናዝራዊት ግን እንደተሰቀለ ነው፤ ጭራሽ ሲሰቀል ከነበረውም የነጣ ይመስል ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረባት፤ ግን ደስታ ዓይን ይጋርዳል። መምህር አለምነህ «እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም» አሏት። እሷም እስከ ትናንት ማታ ድረስ ቤት የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር፤ እሑድ ደግሞ እናቷ አረቄ አታወጣም። «ቧንቧው እንዴት ነው?» ብላ በጠየቀች ቁጥር እናቷ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው የምትላት። እንግዳ ስለሰጣት ስጦታ እንደምታመሰግን ሁሉ። ናዝራዊት ይኸንንም አልጠረጠረችውም።

ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀችና ወጣች። እትዬ ወርቅነሽ ሄደዋል። እናቷ ሳጥኗን ከፍታ አዲሱን ነጠላዋን እያወጣች ነበር፤ የፍልሰታ ጾም ሲያልቅ ለምትቆርበው ቁርባን ብላ ያኖረችውን፣ አንድም ቀን ያልለበሰችውን። «ዛሬ እሱን ነው የምለብሰው» አለች፤ «የልጄ ቀን ከቁርባኔ ቢቀድም ኪዳነ ምሕረት አትቆጣኝም።» ናዝራዊት አየቻት። ማለት የነበረባት ነገር አፏ ውስጥ ነበር፤ እማዬ፣ ጨርቁ የሚጠቁር ከሆነ መጥቆር ነበረበት፣ እሱ ነበር ጥናቱ። ይህን ለማለት ግን እናቷ ምን እንዳጠፋች ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያጠፋችው ደግሞ ቤቷን በንጽሕና መያዟን ነው። በሰፈሩ ሴት ሁሉ ዘንድ ምስጋና የሚያስገኝ ነገር ጥፋት መሆኑን በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በምን ቋንቋ ይነግሩታል? «ኩበቱ ረጥቧል» አለች እናቷ ነጠላውን እያራገበች። «ደረቁን ደግሞ አስወድደውታል። አሁንማ ኩበትም እንደ ስኳር ሆነ።» ናዝራዊት «አዎ» አለች። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ብርዱ ነው አለች ለራሷ።

መምህር አለምነህን ያገኘቻቸው ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ነው። ከወላይታ መጥተው እዚህ የቆዩ፣ ከሁለት ሹራብ በላይ ኮት የሚደርቡ፣ ደብረ ብርሃንን በብርዷ ብቻ የሚያሟት ሰው ናቸው። ፖስተሩ ታትሞ ተጠቅልሎ ቆይቷቸዋል። ባለ ማተሚያው ሲዘረጋላቸው አራቱም ማዕዘን ላይ ቀይ ጽጌረዳ አብቦበታል። የሴት ልጅ ፎቶ ያለበት ባነር ሁሉ ለእሱ ምርቃት ነው፤ ጽጌረዳውንም ያለ ክፍያ ነው የጨመረው። «እንዲያምር ብዬ ነው» አለ ቅር ተሰኝቶ። መምህሩ የኅትመት ዋጋ በካሬ ካለፈው ክረምት ወዲህ ስንት እንደጨመረ ጥቂት ተከራከሩና ተዉት። ናዝራዊት ጽጌረዳውን አላየችም። ከመካከል ጎን ለጎን የተደረደሩትን ሦስት ጨርቆች ነበር የምታየው፤ ቤት ሀ ጥቁር፣ ቤት ለ ጥቁር፣ ቤት ሐ ነጭ።

«ቲቸር፣ የእኛ ቤት ጨርቅ ታጥቧል» አለች።

መምህሩ መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለም። ከዚያ ገባቸው። ከባለ ማተሚያው ፈንጠር ብለው ወደ በሩ ወሰዷትና ማን፣ ስንት ጊዜ ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። ረጅም ጊዜ ወደ አስፋልቱ አዩ፤ ከጫጫ የመጣ ሚኒባስ ጭቃ እየረጨ አለፈ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህ ፕሮግራም በሚቀጥለው ክረምት እንዲኖር ዛሬ የሚመጡት እንግዶች መደሰት አለባቸው፤ እንግዶቹን ደግሞ የሚያስደስት አንድ ሥራ ቢኖር ይኸ ነው፤ ይህን ሁሉ ፊታቸው ላይ ማንበብ ይቻል ነበር። «ለሌላ ሳምንት ደግመን ብንሰቅለው ጥሩ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ግን ዛሬ ነው። እንግዲህ ከጠየቁሽ እንደ ጥናቱ ጉድለት አድርገሽ ታነሽዋለሽ።»

«ካልጠየቁኝስ?»

«ካልጠየቁሽማ...» ኮታቸውን ቆለፉ። «ዝም አይነቅዝም።»

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ልምምድ ነበር። አዳራሹ ሰፊ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዝናቡ ሲበረታ ሰው ከሰው የማይደማመጥበት ነው። ተማሪዎቹ በተራ እየወጡ ንግግራቸውን ለባዶ ወንበሮች ያቀርባሉ፤ መምህር አለምነህ ከኋላ ሆነው እጅ ከኪስ ይውጣ፣ ጣሪያ አይታይ፣ ፖስተሩን እያነበባችሁ ጀርባችሁን ለሰው አትስጡ ይላሉ። ድንች ያጠናው ሚኪያስ «ክቡራንና ክቡራት» ሲል በሳቅ እየፈነዳ ደጋግሞ ተመለሰ። ናዝራዊት ተራዋ ሲደርስ አንድም ቃል ሳትሳሳት ተወጣችው። ሰላምታ ሰጠች፣ ሦስቱን ጨርቆች በተራ በዘንግ አመለከተች፣ አመሰገነች፣ ወረደች። ቃላቱ ሌላ ሰው ያስቀመጣቸው ያህል ከአፏ በሰልፍ ይወጡ ነበር። «ግሩም!» አሉ መምህሩ፤ ዓይኗን ግን አላዩም። ሚኪያስ «እንዴት ነው አንቺ የማትፈሪው?» ብሎ ጠየቃት። አለመፍራቷ እውነት ነው። ምንም አልተሰማትም፤ ይሄ ከፍርሃት ይሻል ይብስ እንደሆነ አላወቀችም። አንድ ነገር ብቻ ለራሷ ቆርጣ ነበር፤ ከጠየቁ ትናገራለች። ለእሱ ቃላቱን እንኳ ቀደም ብላ መርጣ ነበር፤ «በቤት ሐ ያለው ጨርቅ በስህተት ስለታጠበ ውጤቱ አያስተማምንም።» ማን አጠበው የሚለውን ትተወዋለች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ወላጆች በዝናብ የረጠበ ጃንጥላቸውን በወንበራቸው ሥር እያስገቡ፣ ጭቃቸውን በበሩ ደፍ ላይ እየጠረጉ ገቡ። እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር ተቀምጣለች። አዲሱ ነጠላ ገና የሳጥኑ እጥፋት አልለቀቀውም። እትዬ ወርቅነሽ የራሳቸውን ጨርቅ፣ ቤት ሀ የተባለውን፣ ገና ከበር ነው የለዩት፤ ከጎኑ ባለው የግድግዳ ስንጥቅ። «ስንጥቄን እንኳ አልማረችኝም» ብለው ለእናቷ ሲያንሾካሹኩ ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ናዝራዊት ከመድረኩ ሥር ሆና ይህን አየች፤ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ቆይታለች።

ንግግሯን እንደ ጠዋቱ አቀረበችው። ጭስ ዓይንንና ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ተናገረች፤ ቧንቧውን ከምን እንደሠራች ተናገረች። ከዚያ ወደ ጨርቆቹ መጣች። «አቡጀዴው በጠቆረ ቁጥር በዚያ ማድቤት ውስጥ ያለችው ሴት ያን ያህል ጭስ ትተነፍሳለች ማለት ነው» አለች። «የቤት ሐ ጨርቅ ነጭ ሆኖ የቀረው ጭሱ በቧንቧው ስለወጣ ነው።» ይህን ስትል ዓይኗ ሳታዘው እናቷ ላይ አረፈ። ሸዋወርቅ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየዳበሰች ነበር፤ ጣቷ ቆመ። ጨርቁ ለምን እንደተሰቀለ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም በወጉ አስረድቷት አያውቅም ነበር። ልጇ አንድ ጨርቅ ልስቀል አለቻት፣ እሺ አለች፤ አትንኪው ስትባል ከቦታው አታንሺው ማለት መሰላት፤ እንግዳ ይመጣል አለቻት፣ አጠበች። አሁን ገባት። ሲገባት ናዝራዊት ከፊቷ አየችው።

ጭብጨባው እንዳበቃ ዶክተር ቴዎፍሎስ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ዳኛ፣ መነጽራቸውን አውልቀው የዳኞቹን ማይክ ተቀበሉ። ሽማግሌና ትሑት ሰው ናቸው። «ጎበዝ ልጄ፣ ከልቤ ነው የምልሽ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ጨርቁን ማንም እንዳልነካው በምን አረጋገጥሽ?»

ጠየቁ። መምህር አለምነህ በሩ አጠገብ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። ናዝራዊት ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ቃላቱን ታውቃቸዋለች፤ ጠዋት መርጣቸዋለች። «በቤት ሐ ያለው ጨርቅ...» አለች። ማይኩ አፏጨ። እስኪረጋ ቆመች።

«አልተነካም!»

እናቷ ቆማለች። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ሸዋወርቅ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ እጇን አውጥታ የማታውቅ ሴት ናት፤ አሁን ግን ነጠላዋን ደረቷ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከዳኛው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ቆማለች። «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ እናቷ ነኝ» አለች። «ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፤ በዚያ ጨርቅ ላይ እጄን አላሳረፍኩም።»

ሰዉ ሳቀ፤ የፍቅር ሳቅ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበና ሌላውም ተከተለው። ዶክተር ቴዎፍሎስም ሳቁ። «እንግዲህ ከኪዳነ ምሕረት በላይ ምስክር ከየት እናመጣለን?» አሉና የዳኞቹን ማይክ መለሱ። እትዬ ወርቅነሽ ብቻ አልሳቁም። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ፊት ለፊታቸው ያለውን የወንበር ጀርባ ያዩ ነበር። ሸዋወርቅን የሚያውቃት ሰው ለምን እንዳልሳቁ ይገባዋል። ሌላው ሻጭ በየቃሉ ማርያምን፣ ገብርኤልን እየጠራ ውሃ የገባበትን አረቄ ሲሸጥ እሷ «ቅመሰውና ከወደድከው ግዛ» ብላ ዝም የምትል ናት፤ ለመሐላ የኪዳነ ምሕረትን ስም አላነሣም እያለች ስንት ገዢ አምልጧታል። አሁን ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በጾም፣ በሕዝብ ፊት፣ በአዲሱ ነጠላ።

ናዝራዊት አሁንም መናገር ትችል ነበር። ማይኩ እጇ ላይ ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት መናገር ማለት ጉድለትን ማመን ነበር፤ አሁን መናገር ማለት እናትን በሐሰት መሐላ ማጋለጥ ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለእሷ ብላ በማለችው መሐላ። «አመሰግናለሁ» አለች። የራሷ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ከጣሪያው ሥር ተመልሶ መጣ። አፈረች፤ ከዚያ እፍረቱም ጠፋ።

አንደኛ ወጣች። ሰርተፊኬት ሰጧት፣ ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ አነሷት፤ ጽጌረዳዎቹ በፎቶው ላይ በእርግጥም የምርቃት አስመሰሉት። በመስከረም አዲስ አበባ ትገባለች። አንዲት የፕሮግራሙ ኃላፊ ደግሞ ይህ ቧንቧ በፖስተር ላይ መቅረት እንደሌለበት፣ በሰፈሩ ላሉ እናቶች ሁሉ ተሠርቶ እንደሚሰጥ፣ ከቤት ሀ እንደሚጀመር ተናገሩ። ሰው እንደገና አጨበጨበ። መምህር አለምነህ መጥተው እጇን ጨበጧት፤ የእሳቸውም እጅ ቀዝቃዛ ነበር። «ለእናትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ» አሏት፤ እናቷ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ ሳለች።

ሦስቱ በአንድ ባጃጅ ተሳፈሩ፤ ናዝራዊት በመካከል። የተጠቀለለው ፖስተር ጉልበቷ ላይ በአግድም ተጋድሞ የሁለቱን ሴቶች ጉልበት ይነካል። ሹፌሩ በጭቃ ምክንያት ሒሳብ ጨምሬአለሁ አለ፤ ማንም አልተከራከረውም፤ እሱም ግራ ተጋብቶ በመስታወቱ አያቸው። ከሰፈራቸው መታጠፊያ ሲደርሱ እትዬ ወርቅነሽ እየወረዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

«ለእኔ ቧንቧው ይቅርብኝ፣ ሸዋዬ። እኔ መማል አልችልም።»

እናቷ «እሺ» አለች።

ቤት ሲገቡ ናዝራዊት ፖስተሩን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። በግድግዳው በኩል እናቷ ኩበት ስትሰብር፣ ውሃ ስትገለብጥ ይሰማታል፤ ለጾሙ ፍቺ የታዘዘ አረቄ አለ፣ እሳቱ ዛሬ ካልነደደ አይደርስም። ምን ብላ ትጀምረዋለች? ይቅርታ ትበል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትበል? ሁለቱንም በሆዷ ሞከረቻቸው፤ ሁለቱም ከአፏ አልወጡላትም። ከዚያ በግድግዳው ስንጥቅ ሽታው መጣ፤ የረጠበ ኩበት ሽታ። ተነሥታ ወጣች።

የማድቤቱ በር ተዘግቶ ነበር። ከዚህ በፊት ተዘግቶ አያውቅም፤ ቧንቧ ሳይኖር ጭሱ የሚወጣው በዚያ በር ነበርና እናቷ በዝናብም በብርድም በርግዳ ነው የምትሠራው። ገፋ አድርጋ ገባች። መጀመሪያ ምንም አላየችም፤ ዓይኗ ተቃጠለ፤ ጉሮሮዋ ተያዘ። ቀስ እያለ የጣሳው ቧንቧ ታያት። ጭሱ እስከ ግማሽ ይወጣና ከአንኮበር አፋፍ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ መልሶ ወደ ታች ይደፋዋል፤ በየጣሳው መጋጠሚያ እየተፋ ማድቤቱን ይሞላዋል። ከእሳቱ የወጣ ጭስ ሁሉ እዚሁ ነው ያለው። እናቷ አጭሯ መቀመጫ ላይ ጎንበስ ብላ ከመቃው ጠብ ጠብ የሚለውን አረቄ ትጠብቃለች፤ የለበሰችው አሮጌውን የሥራ ልብሷን ነው። አዲሱ ነጠላ ግን ሳጥን ውስጥ አልተመለሰም። አቡጀዴው በነበረበት ምስማር ላይ፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል።

«እማዬ» አለች ናዝራዊት። «የቁርባን ነጠላሽ እኮ ነው። ይጠቁራል።»

እናቷ ቀና አለች። ዓይኖቿ ፍም መስለዋል፤ እንባዋ በሁለት ጉንጯ ይወርዳል፤ አላበሰችውም።

«በምን ይጠቁራል?» አለች። «አንቺ ዛሬ ለሰው ሁሉ የነገርሽው አይደል? ደግሞ ቁርባኑን ለሌላ ዓመት አድርጌዋለሁ።» ወደ መቃው ተመለሰች። «በሩን ዝጊው፤ ጭስ ሲወጣ ሰው ያያል።»

ናዝራዊት ዞራ በሩን ከውስጥ ዘጋችው፤ ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።